የሙሽራው አበልጅ

ጋሼ የምለውን ሰው እንዳገባ የተወሰነው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰውየው ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ አባቴ በሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ይሰፋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ለአባቴ ምሳ ስለማደርስ ጋሼን በየቀኑ አየው ነበር። «ደህና ዋልሽ?» ይለኛል፣ «እግዜር ይመስገን ጋሼ» እለዋለሁ። ከዚህ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ክፉ ቢሆንማ ኖሮ ማውራቱም በቀለለኝ።

ሚስቱ በወሊድ ሞታበት አንዲት ጨቅላ ጥላለት ነበር። ሕፃኗን አሮጊት እናቱ ያሳድጓታል። እኛ ደግሞ ወንድሜን ካጣን ገና ወራት ነው። ቀይ ሽብር ነበር፤ መጥተው ወሰዱት፣ ሞቱን ሰማን፣ ሬሳውን አልሰጡንም። ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነበር። እናቴ እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን ለብሳ ገበያ ትወጣለች፤ ጎረቤት እንዴት አደርሽ ሲላት ደህና ትላለች። እኔም አላለቀስኩም። መጀመሪያ ስለከለከሉኝ ነው፣ ኋላ ግን እንባው ራሱ እምቢ አለኝ። ሲተኙበት እንደደነዘዘ እጅ ሆንኩ፤ ቢቆነጥጡኝም የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ የቀበሌው ወጣት ማኅበር ስብሰባ እንድመጣ ጠራኝ። አባቴ ይህን በሰማ ዕለት እራቱን ሳይነካ ቀረ። «ባል ያላትን ሴት ለስብሰባ ብለው አይጎትቷትም» አላት እናቴን። «አንዱን ቀምተውኛል። እሷን አልሰጣቸውም።» እኔ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ወደኔ ዞር ብሎ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ተባሉ፣ ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። የኔንና የጋሼን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩት፤ አይገናኝም። እናቴ እፎይ ስትል ሰማኋት። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አበልጅነትስ? በሁለታችሁ ቤት መካከል ክርስትና የተነሳሳ አለ?» ብለው ጠየቁ። የለም ተባለ። «ጥሩ፤ እሱማ ካለ ከሥጋ ዝምድና ይብሳል፣ ወንድምና እህት ማለት ነው፣ ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ» አሉ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ።

እንቢ ያላልኩ እንዳይመስላችሁ። ለእናቴ መማር ነው የምፈልገው አልኳት። «እሱ ቤት ሆነሽ ማታ ማታ ትማሪያለሽ» አለችኝ፣ እኔን ሳታይ። አባቴ ጋ በረንዳው ላይ ሄጄ «አባባ፣ አላገባም» አልኩት። መኪናውን መርገጡን አላቆመም፤ እንዳልሰማ ሆኖ እጅጌ ገጥሞ ጨረሰ። ምግብ ተውኩ። ሁዳዴ ነበርና ማንም ልብ ያለኝ የለም፤ እንዲያውም እናቴ ልጄ ጾም አጠበቀች ብላ ለጎረቤት አወራችልኝ።

ከትምህርት በኋላ ጋሼ ቤት እየሄድኩ ሕፃኗን እንድለምዳት ተደረገ። አሮጊቷ ማዘል አስተማሩኝ። ልጅቷ እኔ ስይዛት ዝም ትላለች፤ «አየሽ፣ እናትነት በደምሽ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ክንዴ ላይ ያለችው ሕፃን እናት እንዴት እንደሞተች ነበር የማስበው። እኔም እንደዚያው ጥያት የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሳስብ እንኳ አልፈራሁም። መፍራት የነበረብኝን ያህል አለመፍራቴ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

የክርስትናዋ ቀን እሁድ ዋለ። የክርስትና እናቷ ትሆናለች የተባለችው የጋሼ የአክስት ልጅ ነበረች፤ ቤቷ ሥላሴ አካባቢ ነው። እኛ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። እኔ ሕፃኗን ታቅፌያለሁ፣ አሮጊቷ ከጎኔ ናቸው፣ ጋሼ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። እናትና አባቴ ለቅዳሴው እንደርሳለን ብለው ቤት ቀርተዋል። ሴትየዋን ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ የለችም። በኋላ እንደሰማነው አራት ኪሎ ላይ አሰሳ ነበርና መንገዱ ተዘግቶ ማንም አያልፍም።

ቄሱ ሌሎቹን ሕፃናት አጠመቁና ወደኛ ዞሩ። «የክርስትና እናቷ የታለች?»

አሮጊቷ ወዲያ ወዲህ አዩ። ሰማንያ ቀኗ ሳያልፍ ልትጠመቅ ነው፣ ካለፈ ደግሞ ሰው ምን ይላል፤ ሲጨነቁ አያቸዋለሁ። ያኔ ትልቁ ሽማግሌ ስለ አበልጅነት ያሉት ቃል መጣልኝ።  ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ አቤት እንደሚባለው አድርጌ፣

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቆርበሻል? ጾመሻል?» አሉኝ ቄሱ።

«አዎ አባ።» እውነቴን ነበር፤ ከጾምኩ ሰንብቻለሁ።

አሮጊቷ ፊታቸው በራ። «ምን አለበት አባ፣ ዞሮ ዞሮ እናቷ ልትሆን አይደል!» አሉ። ምስኪን፣ ከተቸገሩበት ነገር በመገላገላቸው ብቻ ነው የተደሰቱት። ሁለቱ እናትነት አንድ ላይ እንደማይሄድ በዚያች ሰዓት ጨርሶ አልታያቸውም። ቄሱ ደግሞ የኛን ጉዳይ ከየት ያውቁታል? ጋሼ ግን አየኝ። ያወቀ ይመስለኛል። አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ነገር በቆመ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ተመለከተ።

ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ ስለሷ ሰይጣንን ካድኩ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንኩ። ከውኃው ስትወጣ ጮኸች፤ ተቀበልኳት፣ ዝም አለች።

ነገሩ የፈነዳው በር ላይ ነው። ትልቁ ሽማግሌ ለቅዳሴ መጥተው አገኙን። «እንኳን ለዚህ አበቃት፣ ማን አነሳት?» አሉ። አሮጊቷ በኩራት ወደኔ ጠቆሙ። ሽማግሌው «እሰይ፣ እንግዲህ አበልጅ ሆ—» ብለው አቆሙ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና መሬት ተቀመጡ። እናትና አባቴ በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ማዶ ሲመጡ አየኋቸው።

አባቴ ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። ቤት ስንገባ «አውቀሽ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ቢወስዱሽ ምን አደርጋለሁ?» አለ። ወንድሜ ሲሞት ያላለቀሰውን ያን ቀን አለቀሰ። እናቴ በሩን ዘጋች፣ ሰው እንዳይሰማ። እኔ ቆሜ አየሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን እንቅልፍ ብቻ ነው።

ስብሰባው ሄድኩ። ሰው ሲጮህ ጮህኩ፣ ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ፣ ተመለስኩ። አባቴ በሄድኩ ቁጥር ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ትምህርት ቤት ወሬው ደርሶ «አራዳ ነሽ ባክሽ!» ይሉኛል፤ እስቅላቸዋለሁ።

ጋሼ ከፋሲካ በኋላ አገባ። ቀኑ ተቆርጦ፣ ጠላው ተጠምቆ ስለነበር እናቱ ከትውልድ አገራቸው አንዲት ልጅ አስመጡ። አበልጅ ነኝና በክብር ተጠርቼ ከፊት ተቀመጥኩ። ልጅቷ ከቬሎው ውስጥ ቀና አላለችም። ዕድሜዋን የነገረኝ የለም፤ ከኔ ታንሳለች።

የክርስትና ልጄን ለማየት በሌላው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ገባሁ። ያቺው ልጅ ሕፃኗን አዝላ በር ከፈተችልኝ። «ይግቡ እትዬ» አለችኝ። እትዬ የምትለው እኔን ነው፣ ዩኒፎርም ለብሼ ደብተሬን የያዝኩትን። አሮጊቷ ጓዳ ነበሩ። ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ስትሰጠኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፤ የተቆጣች አትመስልም፣ ለማወቅ ብቻ ነበር።

«ያን ቀን እርስዎ ባያነሷት ኖሮ፣ እኔ እስካሁን እናቴ ጋ ነበርኩ?»

«አዎ» አልኳት።

«እሺ» አለችና ሻይ ልታፈላልኝ ወደ ጓዳ ገባች።