የነሲባ አማና

ነሲባ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው መንደር የምትታወቀው በብረት ካዝናዋ ነበር። ካዝናውን አባቷ ሼህ አብዱሰላም ደሴ ሲነግድ ኖሮ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ነጋዴ ገዝተው፣ ስምንት ሰው እየተቀባበለ ተሸክሞ ያመጣላቸው ነው። የሣር ቤት አንዴ ከነደደ ወረቀት አይተርፍምና፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የርስት ፍርዱን፣ ኑዛዜውን፣ የውርስ ክፍፍሉን እሳቸው ዘንድ ያኖር ጀመር። ሼሁ ሊሞቱ ሲሉ ቁልፉን ለነሲባ ሰጧት። «የሰው አማና ነው ልጄ፣ አደራ ነው፤ ቤቱን ባዶ እንዳታደርጊው» አሏት።

ያቺ ቃል እግር ብረት ሆነችባት። ባሏ ጀላል አቀስታ ላይ ከአባቱ መሬት ደርሶት ሲሄድ «ተከተይኝ» ቢላት፣ «የሰው ወረቀት ለማን ጥዬ?» ብላ ቀረች። እሱ ለዒድ ብቻ ብቅ ይላል። እሷ ለለቅሶ እንኳ ርቃ አታድርም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብስባታል። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንደሩን ሲያለብሰው ብረቱ ከውስጥ ያልበዋል። አባቷ እንዳስተማሯት ካዝናውን ከግድግዳው አርቃ በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጣዋለች። ወረቀቱን ሰም ውስጥ በተነከረ አቡጀዲ ትጠቀልላለች፤ እርጥበቱን እንዲስብላት በተበሳሳ ቆርቆሮ ደረቅ ከሰል እየለዋወጠች ውስጡ ታኖራለች። ጉም ባለበት ቀን የካዝናውን በር አትከፍትም።

በ፲፱፻፶፰ ሐምሌ ግን ቸኮል የሚባሉ ገበሬ በዝናብ መጡ። የድንበር ክርክር ተነስቶባቸው ፍርዱን ማየት ፈልገዋል።

«እቴ ነሲባ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ አሳይኝ።»

እምቢ ለማለት አፈረች። ቸኮል ወረቀቱን በእርጥብ እጃቸው ይዘው አገላብጠው አይተው መለሱላት። እሷም ጉሙ እንዳይገባ ብላ፣ ሳታደርቀው በችኮላ ከታ ቆለፈችው።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ብትከፍተው የሻጋታ ሽታ ፊቷን መታት። የቸኮል ፍርድ ቀለሙ ፈስሶ ፊደሉ ከፊደል አይለይም፤ ማኅተሙ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። አጠገቡ የነበሩ ሁለት ኑዛዜዎችም ጠርዛቸው ሻግቷል። እዚያው ቁጭ አለች። ብትናገር የአባቷ ስም ሊጠፋ ነው፤ ዝም ብትል ሰውየው ባዶ እጃቸውን ችሎት ሊቆሙ ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ቸኮል ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ወረቀትዎ ተበላሽቷል። ሳላደርቅ የከተትኩት እኔ ነኝ።»

ቸኮል ራሳቸውን ያዙ። «በእርጥብ እጄ የነካሁትስ እኔ አይደለሁ? ግን አሁን ምን ይዤ ልቅረብ?»

«ወረኢሉ ፍርድ ቤት መዝገቡ ሳይኖር አይቀርም። አብሬዎት ሄጄ የሆነውን እናገራለሁ።»

ጎረቤቷ ንግሥቴ ቤቱን ጠበቀችላት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ከመንደሩ ርቃ ያደረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መዝገቡ ተገኘ፤ አዲስ ግልባጭ ይዘው ተመለሱ። በመንገድ ላይ ልቧ ቆርጦ ነበር። ባለወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስባ የተበላሸውን ሁሉ ነገረቻቸውና፣ «የየራሳችሁን ውሰዱልኝ፤ እኔ አልቻልኩም፤ ባሌ ጋ ልሂድ» አለቻቸው።

እጁን የዘረጋ የለም። አምባቸው የተባሉ ሽማግሌ ተነሱ። «ልጄ፣ ጥፋቱን ራሱ የሚነግረን ጠባቂ ከየት እናመጣለን? አንቺው ዘንድ ይሁን።» ሰዉም «አሚን!» አለ። ሲመርቋት አንገቷን ደፍታ አለቀሰች፤ እነሱ የደስታ መሰላቸው። በሳምንቱ ሌሎች አራት ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው መጡ።

ታኅሣሥ ላይ ጀላል በቅሎ ጭኖ ሊወስዳት መጣ። ሦስት ቀን ለመናት።

«እኔን ነው ወይስ ብረቱን?» አላት መጨረሻ ላይ።

«የአርባ ቤት መሬት በላዬ ተቀምጧል፤ እንዴት ብዬ ልነሳ?»

በማግስቱ በቅሎዋን ባዶዋን እየሳበ ሄደ። ፋሲካ ሳይደርስ አቀስታ ላይ ሌላ ማግባቱን አንድ መንገደኛ ነገራት። «አላህ ያጽናው» አለች። ዕለቱ ጥርት ያለ ነበር። ኑዛዜዎቹን አውጥታ ከደጁ ጥላ ላይ ዘረጋች፤ ነፋስ እንዳይወስድባት ጠጠር እየጫነች እስከ ዐሥር ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጠች።