ለሽማግሌ የተተወ ሦስት ሺህ ብር

ነገሩ ሁሉ የፈጀው ሦስት ሺህ ብር ነው፤ እሱም ከእኔ ኪስ አልወጣም።

አዲስ ፍሪጅ ከካርቶን ባወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ነጩ ፎም ሲንጫጫ፣ በሩ ከጎማው ሲላቀቅ፣ ያ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ፊቴን ሲመታኝ እጄ ሥራውን ይቀጥላል፤ ልቤ ግን ገርጂ ሄዶ ይቀመጣል። ዛሬ ሃያ ሁለት አካባቢ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ እሸጣለሁ። ሠራተኞቼ ዝም ስል ዋጋ የማሰላ ይመስላቸዋል።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ገርጂ መንገድ ዳር አንዲት የኮንቴነር ሱቅ ነበረችኝ፤ ጠዋት የምትበርድ፣ ቀትር ላይ የምትጋገር። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ይንኳኳሉ፤ ዋጋ የሚከራከረኝ ደንበኛም ድምፁ እስኪያልፍ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ በዚያች ክፍተት የመጨረሻ ዋጋዬን አስብ ነበር። ችግሬ ፍሪጅ አለመኖሩ ነው። ፀሐይ ያንገበገበው ሰው ሁሉ ብቅ ይልና "ቀዝቃዛ አለ?" ይላል። "የለም" ስለው ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሻገራል፤ እዚያ ለስላሳውን ጠጥቶ፣ ሳሙናውንም ዳቦውንም ከዚያው ገዝቶ ይሄዳል።

ስለዚህ እቁብ ገባሁ፤ ዕጣውም ቶሎ ወጣልኝ። ቀድሞ የወሰደ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው እንደሚከፍል ዋስ ይጠራል። አባቴ በሕይወት አልነበረም፤ ዋስ የሆኑኝ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ሰፈሩ አባባ ይላቸዋል፤ እኔ በሆዴ "ዋሴ" እላቸው ነበርና ለአንተም እንደዚያው ልበልህ። የጥንት የአካባቢው ገበሬ ናቸው። ከሱቄ ፊት ለፊት የቆመውን ኮንዶሚኒየም በከዘራቸው እያሳዩ፣ "ያ ልብስ የተሰጣበት፣ እሱ ታች ሽምብራ ነበር" ይላሉ፤ ቁጭትም የለበት፣ እንዲያው አድራሻ እንደሚነግሩ። ደስ ሲላቸው "ኢልማ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቄ በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጡ ነበር። እሳቸው ተቀምጠው ሳለ ደፍሮ ዱቤ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ፍሪጁን የገዛሁት ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ባለሱቁ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነበር። "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" አለኝ። ያለ ደረሰኝ ይረክሳል፤ እኔም ርካሽ ነገር አልፌ አላውቅም። ነገር ግን ዋሴ፣ "ወረቀት ይዘህ ና፣ ብሩ ምን ላይ እንደዋለ ለእቁቡ ዳኛ ላሳይ" ብለውኝ ስለነበር እያመመኝ በደረሰኝ ገዛሁ። አሥራ ስምንት ሺህ ብር። ካሸሯ ደረሰኙን ስትቆርጥልኝ ከራሷ በላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።" ያን ጊዜ ይህ ጽሑፍ የሌለበት ሱቅ ግንባታው ያላለቀ ይመስል ነበር።

ፍሪጁ የመጀመሪያውን ሳምንት እንኳ አልጨረሰም። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍተው ለብ ያለ አየር ወጣ። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይነጫነጫል፣ ማቀዝቀዝ ግን የለም። ሙቅ ለስላሳ በመብራት አሳምሬ ደርድሬ ቁጭ አልኩ። ድሮ "የለም" ስለው የሚሄደው ደንበኛ አሁን ጠርሙሱን ይነካና እንደ አጭበርባሪ ያየኛል።

መመላለስ ጀመርኩ። "ቴክኒሻኑ ይየው፣ ነገ ና።" በነገው ቴክኒሻኑ ክፍለ ሀገር ነው። "ሰኞ ና።" ሰኞ ቴክኒሻኑ አለ፤ ሒሳብ ሹሙ የለም። ብሩን ለመቀበል አንዲት ልጅ በቅታ ነበር። ለመመለስ ግን ባለቤቱ፣ ቴክኒሻኑና ሒሳብ ሹሙ በአንድ ቀን ጤነኛ ሆነው መገኘት ነበረባቸው። ዛሬም ያው ነው፤ የፈጠነው መክፈሉ ብቻ ነው። በየሱቁ ደንበኛው ስልኩን ነካ ሲያደርግ ብሩ ወዲያው ይገባል፤ "ሪፈንድ" ያለ ዕለት ግን ሲስተም የለም፣ ጥፋቱ የባንኩ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው። እኔም ከነጋዴ ወገን ነኝና ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የገባ ብር ስንመልስ ከሥጋችን የተቆረጠ ነው የሚመስለን።

እቁቡ ግን ሳምንቱን ጠብቆ ይመጣል። ሽያጭ ከሌለ የምከፍለው የለኝም፤ እኔ ካልከፈልኩ የሚከፍሉት ዋሴ ናቸው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነበር።

አንድ ቀን ባለሱቁ ምሳ ወጥቶ ካሸሯን ብቻዋን አገኘኋት።

"አንተ ደግሞ፣ ሥራህ የታክሲ ረዳት ማበልጸግ ነው እንዴ?" አለችኝ። "በአፍህ ብቻ አትመላለስ። ደረሰኝ አለህ፣ ዕቃው የተበላሸ ነው። ከገዛህ አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላህ በጽሑፍ አመልክት። ወይ ይቀይርልሃል፣ ወይ ብርህን ይመልሳል። ሕግ ነው።"

"ያስ?" አልኳት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እያየሁ።

"እሱ ኮፒ ቤት የተሠራ ነው። ኮፒ ቤት ሕግ አያወጣም።" ዞር ብላ በሩን አየች። "እኔ ደግሞ ምንም አላልኩህም።"

በዚያው ወደ ዋሴ ሄጄ፣ "ልከሰው ነው" አልኳቸው።

"ክስ? እኔ በሕይወት እያለሁ? ሰውዬውን ሳናነጋግረው?"

"አባባ፣ አፌ እስኪደርቅ አነጋግሬዋለሁ እኮ!"

"ያንተ የገዢ ወሬ ነው። ሽማግሌ ይሂድ።"

በማግስቱ ዋሴ ሁለት ባልንጀሮቻቸውን ጨምረው፣ ሦስት ሽማግሌ ሆነው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከእኔ ጋር ወረዱ። ተንቀሳቃሹን ደረጃ አማትበው ነው የረገጡት። ሽማግሌ ቆሞ አይናገርምና ባለሱቁ ወንበር ፍለጋ ተሯሯጠ፤ አንዱን ከጎረቤት የመዋቢያ ሱቅ ተዋሰ፣ ለሁለቱ የቴሌቪዥን ካርቶን ዘረጋ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ሳመ። ቴሌቪዥን ሊገዙ የገቡ ባልና ሚስት ነገሩ የጋብቻ ሽምግልና መስሏቸው ካሸሯን፣ "እንኳን ደስ አለሽ!" አሏት።

"ኧረ ለፍሪጅ ነው!" አለች ልጅቷ።

ዋሴ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ጀመሩ። "ልጄ፣ ይሄ ልጅ አባት የለውም፣ አባቱ እኔ ነኝ። ዕቃህ ቤቱ ገብቶ ታመመበት።"

"አባቶቼ፣ እናንተ ደጄን ረግጣችሁ እንዴት እምቢ እላለሁ!" አለ ባለሱቁ። "ግን አንዴ ከቤት ወጥቷል፣ ተገልግሎበታል። እንደ አዲስ አልሸጠውም። እኔም ከሰርኩ።" ቀዝቃዛ ለስላሳም አስመጣላቸው። ጠርሙሶቹ ላይ የወረዛውን ውኃ አያለሁ፣ ምራቄን እውጣለሁ።

ሽምግልና ማለት ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ነገር ተወ ማለት ነው። ማን በደለ የሚለው በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። "አንተም ለእኛ ስትል ተው፣ እሱም ለእኛ ሲል ይተዋል" ተባባሉና አሥራ አምስት ሺህ ሊመለስልኝ፣ ሦስቱ ሺህ ለሽማግሌ ተብሎ ለባለሱቁ ሊተውለት ሆነ። ብሩም ከበዓል በኋላ።

ሦስት ሺህ! እኔ ምን በድዬ? አፌን ልከፍት ስል ዋሴ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። የገበሬ እጅ ነው፣ ይከብዳል። "የእሱን ለእኔ ተወው" አሉት ባለሱቁን። "ልጁ እሺ ይላል። ቃሌ ነው።" ከዚያ ቆመው ገበያውን መረቁለት፤ ካሸሯም ሳትቀር አሜን አለች።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ዋሴ ከሁላችን ይበልጥ ደስ ብሏቸው ነበር። "አየህ፣ ኢልማ ኮ፣ ሳትካሰሱ አለቀ። ነገም ሰላም ትባባላላችሁ።" እኔ በሆዴ ቀን እቆጥራለሁ። ካሸሯ ያለችኝ የማመልከቻ ቀን ከበዓሉ በፊት ያልቃል። ሰውየው ከበዓል በኋላ ደግሞ "ነገ ና" ቢለኝ ሕጉም ያልፍብኛል፤ የሚቀረኝ ምርቃቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለሰውየው የተሰጠ።

ለማንም ሳልናገር ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ደረሰኙን አያያዝኩ፣ የሸማቾችን አቤቱታ ለሚቀበለው ቢሮ አስገባሁ። ባለሙያዋ አንብባ ስልክ ደወለች። ባለሱቁ ተጠራ፣ መጣ፣ ያ የለጠፈው ጽሑፍ ለተበላሸ ዕቃ እንደማይሠራ ተነገረው። ከዚያ ወዲያ ቴክኒሻኑም ሒሳብ ሹሙም በአንድ ቀን ጤነኛ ሆነው ተገኙ። አሥራ ስምንቱን ሺህ ብር ሙሉውን ቆጥሮ ሰጠኝ። አልተሳደበም። "በአንድ እጅህ ሽማግሌ፣ በአንድ እጅህ ክስ? ጎበዝ ነጋዴ ይወጣሃል" ብቻ አለኝ። እንዳለውም ወጣኝ።

ብሩን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። ዋሴ ሳጥናቸው ላይ ነበሩ፤ ማመልከቻውንም ነገርኳቸው።

"ሙሉውን ሰጠህ?" አሉኝ።

"ሙሉውን።"

አውሮፕላን መጣ፣ ጠርሙሶቹ ተንኳኩ፣ ሁለታችንም ጠበቅን። ድምፁ ሲያልፍ "ደግ" አሉ።

ከሌላ ቦታ ሌላ ፍሪጅ ገዛሁ፣ በረዶ ሠራ፣ እቁቤንም አንድ ሳምንት ሳላጓድል ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት እቁቡ ሳያልቅ፣ በመሀሉ ነው፤ በመድኃኔዓለም በኩል ሳልፍ ካሸሯ ከሕንፃው በር ላይ ጠራችኝ።

"ሽማግሌህ መጥተው ነበር፣ ሰማህ?"

"መቼ? ምን ሊያደርጉ?"

"ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሦስት ሺህ ብር ጠረጴዛው ላይ ቆጠሩ። 'ልጁ እሺ ይላል ብዬህ ነበር፤ እሱ ሕጉን ይዟል፣ አልፈርድበትም፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው' አሉት። አልቀበልም ብሎ ለመነ። 'ቃሌን ይዘህብኝ አትቀር' አሉት። አስጨነቁት።"

"ተቀበለ?"

"ምን ያድርግ? እኔን፣ ደረሰኝ ቁረጪላቸው አለኝ። ምን ብዬ ልቁረጥ? የሽማግሌ ቃል የሚል ቁልፍ ማሽኑ ላይ የለ!" ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

በዚያው ዕለት ሦስት ሺህ ብር ከመሳቢያዬ አውጥቼ ይዤላቸው ሄድኩ። እሳቸው የመሬት ካሳቸው ካለቀ በኋላ በጥበቃ ሥራ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ያ ብር ለእሳቸው ምን ያህል ወር እንደሆነ ማስላት ለእኔ ቀላል ነው፤ ሥራዬ ነው።

"የምን ነው?" አሉኝ።

"ለባለሱቁ የከፈሉት።"

"ለእሱ የከፈልኩት የራሴን ነው። አንተ መብትህን አገኘህ፣ ትክክል ነህ። እኔም የእኔን ዘጋሁ። ሂድ፣ ሱቅ ክፍት ጥለህ ነው የመጣኸው።"

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው እየመጡ መቀመጣቸውንም አልተዉም። እቁቡም እስኪያልቅ ዋሴ ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለማግባት ሳስብ፣ ለልጅቷ ቤተሰብ ሽማግሌ ይላክ ሲባል፣ ማንንም ሳላማክር እሳቸው ጋ ሄድኩ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"እዚያ ሄጄ፣ ልጁ እንዲህ ያደርጋል፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አለብኝ" አሉ። "አንተ ለራስህ የምትናገር ሰው ነህ፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን አንዴ ተናግሬልህ አየሁት። አጎትህ ይሂዱ።"

አጎቴ ሄዱ። ዋሴ ሠርጌ ላይ መጡ፣ ከሁሉም ቀድመው መጡ፣ ብዙ መረቁኝ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ረድፍ ላይ ግን አልተቀመጡም።

እኔ ዛሬም ደንበኛ የተበላሸ ዕቃ ሲያመጣ በዚያው ቀን እመልሳለሁ። ማንንም "ነገ ና" አልልም። ሠራተኞቼ ከሕግ ፍርሃት ይመስላቸዋል። ያኔ ያመለከትኩትንም አልጸጸትበትም፤ ብሩ የእኔ ነበር፣ ሕጉም ከእኔ ጋር ነበር፣ ዛሬም ቢሆን አመለክታለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ሱቁ ጭር ሲል፣ አሥራ አምስቱን ሺህ ተቀብዬ እሺ ብል ኖሮ እያልኩ አሰላለሁ፤ ሒሳቡ አንድም ቀን ተመሳሳይ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ዋሴ ካረፉ ቆይተዋል። ከለቅሶው በኋላ ብሩን ለባለቤታቸው ወሰድኩ። ፖስታውን ሳይከፍቱ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። "እሱ ከማንም ጋር ቀሪ የለኝም ብሎ ነው የሄደው፤ አሁን አንተ ልታስነሳው ነው?" አሉኝ።

ተመላሽ የተደረገልኝ፣ አሥራ ስምንት ሺህ። ያለብኝ፣ ሦስት ሺህ። የሚቀበለኝ ሰው የለም።