የክብሪት እንጨት ውፍረት

በአሰላም ሆነ በዙሪያዋ፣ ባለቀለም መስታወት በቀለጠ እርሳስ አያይዞ የቅዱሳንን ሥዕል የሚያወጣ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። መምህር አልነበረኝም። ልጅ ሳለሁ ጮሌ አጠገብ የምንሳለምባት የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ግድግዳዋ ላይ ለብርሃን ብለው የጠርሙስ ቂጥ ቀብረውበታል። አንድ ቀን በኪዳን ጸሎት ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ በዚያ የገባው አረንጓዴ ብርሃን የቄሱን ነጭ ጥምጥም ቀለም ቀባው። ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ፈጣሪ ያንን ያሳየው ለእኔ ብቻ ነው፤ ዛሬም እንዲሁ አምናለሁ።

የቀረውን ጣቶቼ ያውቁታል። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አወጣሁ፤ ተቃጠልኩ፣ ተቆረጥኩ። የሰበርኩት መስታወት ቢከመር ቤት ይሞላል። ማንም «እንዲህ አይደለም» ብሎኝ አያውቅም፤ ስለዚህ አንዴ የተማርኩትን አልረሳም።

ሴት ልጄንም በዚሁ መንገድ ነው ያሠለጠንኳት። ስትሳሳት አልነግራትም፤ ሲሰበር ታየዋለች። ስታለቅስ፣ «እንባ አያጣብቅም፤ ይልቅ ስብርባሪውን ጥረጊ» እላታለሁ። በቤታችን ባለሙያ ማለት መስታወት የምቆርጥበትን ባለአልማዝ መቁረጫዬን የያዘ ነው፤ ሌላው ረዳት ነው። እሷ ጎልማሳ ሆናም ረዳት ነበረች። ከዚያ መቁረጫ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበረም።

የበቆጂ ቤተ ክርስቲያን የመልአክ መስኮት ሲያዘን «ብቻዬን ልሥራው» አለች።

«መስኮቱ ከቆመ አልማዙ ያንቺ ነው» አልኳት።

ክንፉን ከሰማያዊና ከማር ቀለም አወጣችው። ቆንጆ ነበር፤ እኔ የምሠራውን ያህል።

በምረቃው ዋዜማ ስትገጥመው ደረስኩ። እስከዚያ ድረስ የምገጥመው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሷን ይዤ ሄጄ አላውቅም። መስታወቱን ከመስኮቱ የብረት ፍሬም ጋር አጣብቃ፣ በመሰላሉ ላይ እንዳለች ፊቷ በርቶ፣

«አባባ፣ ይዩልኝ! ፀጉር እንኳ አያስገባም!» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አያስገባም። ጥፋቱም እሱ ነው። በቆጂ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ፀሐይዋ ትፋጃለች። መስታወት ሲሞቅ ይሰፋል፤ መላወሻ ካጣ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው እኔ ዙሪያውን የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ክፍተት ትቼ በለስላሳ ስቱኮ የምሞላው። ክብሪቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ያምራል» አልኳትና እራት ልበላ ሄድኩ።

በማግስቱ ቅዳሴው ሳያልቅ ፀሐይ መስኮቱ ላይ አረፈች። የመልአኩ ክንፍ ሲበራ ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። እኔ የማየው መስታወቱን ነው። ትንሽ ቆይቶ «ጧ!» አለ፤ ከመልአኩ ግንባር እስከ አገጩ ተሰነጠቀ። አጠገቤ የቆሙ አሮጊት በኦሮምኛ «ያ ዋቃዮ!» ብለው ፈጣሪን ጠርተው አማተቡ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጅቷ መልአኩን በጥፊ ነው እንዴ ያለችው?» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«አባባ፣ ትናንት አይተውት ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ለእኔስ ማን ነገረኝ?»

አላለቀሰችም። መሰላሏን ተሸክማ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። እኔ አሰላ ስገባ እሷ በቆጂ ቀረች፤ መስኮቱን አውርዳ የመልአኩን ፊት እንደገና ሠራች፤ መልሳም ገጠመችው። እስከ ዛሬ ቆሟል። ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ ግን ተመልሳ አልመጣችም።

አምና አርቦዬ ላይ ሌላ መስኮት እየገጠመች ነው ሲሉኝ አልማዙን በአንድ ኪሴ፣ ክብሪቱን በሌላው ይዤ ሄድኩ። አንዲት እንጨት አውጥቼ በመስታወቱና በብረቱ መካከል ሰካኋት። ልክክ አለች። ሌላም ቦታ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ይህን ልክ በዚህ አገር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷም ከእኔ ነው ያገኘችው፣ ብትወድም ባትወድም።

አልማዙን አውጥቼ ዘረጋሁላት። እጇን ከሥራዋ ሳታነሳ፣ ማንኛውንም መንገደኛ እንደምታናግር ሁሉ፣

«ጋሼ፣ እኔ መቁረጫ አለኝ። እንጨትዎን ያውጡልኝ፤ ስቱኮ ልሞላ ነው» አለችኝ።

አወጣሁላት።