ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት በማን አቆጣጠር

ያን ዓመት ሰበታ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያነበው ካርድ ነበር። መጽሐፍ የሚያነብ ጠፍቶ ነበር ማለቴ አይደለም። እኔ ነበርኩ፤ ለጎረቤቴ ያተረፍኩለትን ደግሞ እነግራችኋለሁ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱን መዝጋት ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ሥራ የሚሄድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆም ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ የደረደሩት ወጣቶች ታርጋ ያያሉ። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ወታደሮቹ መታወቂያና መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጡት የሥራ ባልደረቦቼም ያንኑ እያወሩ አርፍደው ይገባሉ። መጀመሪያ ሰሞን ወሬው ያስደነግጥ ነበር፤ በኋላ ልክ እንደ አየር ጠባይ ሆነ። ሰው ሲጠየቅ "ዛሬ አንድ ቦታ ብቻ ነው" ብሎ ይመልሳል።

በግቢያችን ውስጥ ከእኔ ቤት ቀጥሎ የሚኖረው ጎረቤቴ ሹፌር ነበር። ከሐዲያ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ እሑድ እሑድ ከቸርች የማይቀር ሰው ነው። የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን በሰርቪስ ጠዋት ያደርሳል፣ ማታ ይመልሳል። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ በመስኮት በኦሮምኛ "አካም ቡልተን" ብሎ ሰላም ይላል፤ ወጣቶቹ በአነጋገሩ ስቀው ያሳልፉታል። ወታደሮቹ ጋ ሲደርስ መንጃ ፈቃዱን ይሰጣል። ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያይተው፣ ካርዱን ገልብጠው ይመልሱለታል። ከዚያ በላይ ያነበበው ወታደር አልነበረም።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ ካርዱን ይዞ እኔ ቤት መጣ። ሚስቱም ተከትላው መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ" አለ።

ፋብሪካው ውስጥ የአንድ ሹፌር መንጃ ፈቃድ ጊዜው አልፎ ተገኝቶ በዚያው ቀን ተሰናብቷል። የእኔ ጎረቤት ደግሞ ሥራው ከሄደ ሰበታ የሚያቆየው ሌላ ነገር የለውም።

ማንበብ አቅቶት አልነበረም የመጣው። የመንጃ ፈቃዱን ቋንቋ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የክልሉ ምልክት የቱ እንደሆነ፣ ረጅሙ ቁጥር የፋይሉ እንደሆነ፣ "ሕዝብ ሁለት" ማለት መካከለኛ አውቶቡስ እንደሆነ ያስረዳኝ እሱ ነው። ሕዝብ አንድ፣ ሕዝብ ሁለት፣ ደረቅ አንድ፣ ፈሳሽ አንድ። ሕዝብ ከሲሚንቶና ከነዳጅ ጋር በደረጃ የተሰለፈበት አገር ነው ብዬ ቀለድኩ። ከትህትና የተነሣ ሳቀልኝ።

ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ማብቂያው ላይ ከቀኑና ከወሩ ቀጥሎ 2016 ይላል። እኛ ያለነው በሁለት ሺህ ስምንት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ስምንት ዓመት አለው፤ በፈረንጅ ከሆነ የቀረው ሁለት ወር ገደማ ነው። የተሰጠበት ቀን ቢነበብ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ ግን ከቁልፍ ጋር በአንድ ኪስ ሲንገላታ ኖሮ ቁጥሩ ተፍቋል።

"የትውልድ ዘመንህ የተጻፈው በማን ነው?" አልኩት።

"በእኛ። ሰባ ስድስት።"

"እንግዲህ አለቀ። አንድ ካርድ በሁለት ዘመን አይቆጥርም። ልደትህ በእኛ ከሆነ ማብቂያውም በእኛ ነው።"

"ሲሰጡኝ ሁለት ዓመት ያሉኝ ይመስለኛል።"

"ይመስልሃል። የተባለ ይረሳል፤ የታተመውን ያዝ።"

ሚስቱ ከበሩ ሳትነቃነቅ "ጋሼ" አለች፣ "ስምንት ዓመት ሙሉ መንግሥት ማንን አምኖ ነው የሚሰጠው? አከራያችን እንኳ ውል የሚፈርመው የዓመት ነው።"

"አንቺ ደግሞ ከመንግሥት ብሰሽ ትጠራጠሪያለሽ" አልኳት።

ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያሳመንኳት መስሎኝ ደስ አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ማመኑ ተመችቶት ነበር። ካርዱን የሚያድሰው የሰጠው ክልል ነው ተብሏል። ለዚያ ከአለቃው ፈቃድ መጠየቅ፣ ከዚያ መንገድ ይከፈት አይከፈት እያሉ መጓዝ ነበረበት። መልሴ ከዚህ ሁሉ ገላገለው። እኔም በዚያ ሰሞን ስለ ምንም ነገር እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ያላየሁት ማስተር ፕላን ላይ በየቀኑ ሐሳቤን ስለዋውጥ እውላለሁ። አንድ ነገር እንኳ አውቃለሁ ብዬ መተኛቴ ሳያሳርፈኝ አልቀረም።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ያካፋበት ጠዋት፣ ጎረቤቴ ሠራተኞቹን ጭኖ ከተፍኪ ከተማ ሲመለስ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድንጋይ የሰርቪሱን የፊት መስታወት መታው። መሪውን ወደ ቦዩ አዞረ። አንዲት ሠራተኛ ክንዷ ተሰበረ፤ ሌሎቹ ተጫጫሩ። ሠራተኞቹ ለፖሊስ በአንድ ድምፅ መሰከሩለት፤ ወደ ቦዩ ባያዞር ኖሮ ፊት ለፊት ከተከመረው ድንጋይ ጋር ይላተም ነበር ብለው። በአደጋው ማንም አልከሰሰውም። የታሰረው በካርዱ ቀን ምክንያት ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ካለቀ አራት ወር አልፎት ነበር።

ከሚስቱ ጋር ጣቢያ ሄድን። የትራፊክ ፖሊሱ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ጎረቤቴ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። እኔ ያንኑ ክርክሬን ይዤ ቀረብኩ፤ ልደቱ በእኛ ስለሆነ፣ አንድ ካርድ በሁለት ዘመን ስለማይቆጥር።

ፖሊሱ አስጨርሶኝ የራሱን መንጃ ፈቃድ ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

"የእኔም እንደሱው ነው። ልደቴ በእኛ፣ ማብቂያው በፈረንጅ።"

"ለምን?"

"ልደቱን ከቀበሌ መታወቂያ ይገለብጡታል። ሌላውን ማሽኑ ያወጣዋል። ይመስለኛል። ጠይቄ አላውቅም።"

"እንዲያነዳ የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አባቴ፣ ትራንስፖርት ቢሮ ነው የሚሠሩት?"

"አይደለም።"

ወደ ጎረቤቴ ዞረ። "ታዲያ እሳቸውን ጠይቅ ማን አለህ?"

ጎረቤቴ ቀና ሳይል መለሰ። "ብዙ መጽሐፍ አላቸው።"

ፖሊሱ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ቃሌን ልስጥ ብለው፣ እንዲህ ያለ ቃል የሚመዘገብበት ቦታ የለውም አለኝ። ሚስቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ያመጣችለትን ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

ከቀናት በኋላ በዋስ ተፈታ። ፋብሪካው ግን አልመለሰውም። ሊያድስ ወደ አገሩ ሄደ፤ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ግቢው ውስጥ ቀረች፣ አበባ እርሻ እየሠራች። ጠዋት ስንገናኝ ሰላምታዋ እንደ ድሮው ነው። የምወቀስበትን ቀን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። አለመምጣቱ ደከመኝ። አንድ ሁለት ጊዜ እኔው ጀምሬላት ነበር፤ "እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጋሼ" ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

እሱ የተመለሰው በጥቅምት፣ አስቸኳይ ጊዜው ከታወጀ በኋላ ነው። የተመለሰው ሊኖር አልነበረም። ሆሳዕና ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሚስቱንና ልጁን ሊወስድ ነው። ዕቃቸውን ሲያስሩ ሄጄ ፍራሹን በአንድ በኩል ያዝኩ። እረፍት ስናደርግ ካርዱን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት፤ ወዲያው አውጥቶ ሰጠኝ።

በጀርባው ላይ ከደብተር የተቀደደች ቀጭን ወረቀት በፕላስተር ተለጥፋለች። በሴት የእጅ ጽሑፍ "ሐምሌ 2010 በእኛ" ትላለች። ካርዱን ገልብጬ የታተመውን ማብቂያ አየሁ፤ በጣቴ እየቀነስኩ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

"ልክ ነው" አልኩ።

ሚስቱ የድስቶቹን ጆንያ በገመድ እያጠበቀች ነበር። ቀና አላለችም።

"እናውቃለን፣ ጋሼ" አለች። "እዚያ ያደሱለት ቢሮ መስኮት ላይ የምትቀመጠውን ልጅ አስጠይቄው ነው።"

ካርዱን መለስኩለት። ፍራሹን አነሣን።