እግሬን የዳመጥኩበት ብረት

ነገሩ በጠቅላላው ያስከፈለኝ ሁለት በቅሎ ከነጭነታቸው፣ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ የነበረኝን መደብና የአንድ በጋ ሙሉ ንግድ ነው። መደቡን የወረሰው ሰው እስከ ዛሬ እዚያው ይነግድበታል። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። በቅሎዎቹ ግን ይቆጩኛል።

ጣሊያኖች የያዙኝ ለአርበኞች ጨው ትሸጣለህ ብለው ነው። እውነት ነው፣ እሸጥ ነበር። ለባንዳም እሸጥ ነበር። ወጥ የሚበላ ሁሉ ደንበኛዬ ነው። ይህንኑ ለካፒቴኑ አስተርጓሚ ነገርኩት። እሱ ወደ ጣሊያንኛ ሲመልሰው ቃሉ አጠረ፣ የካፒቴኑ ቁጣ ግን ረዘመ። ከዚያ ወዲህ በአስተርጓሚ በኩል ቀልድ አልነግድም።

ያስገቡኝ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ጣሊያን ሲመጣ ጥሎ የሸሸ አንድ የጥጥ ነጋዴ መጋዘን ነው። ቤቱን በጭቃ ግድግዳ ከፋፍለው ጠባብ ጠባብ ክፍል አበጅተውለታል። በሩ ሲከፈት አስቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የቆየ የጥጥ ፍሬ፣ የአይጥና የሰው ሽንት። በየጥጉ ያልተዳመጠ ጥጥ ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ወለሉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ የጥጥ መዳመጫ ድንጋይ ተቀምጧል። ዕቃውን የዘረፈው ሰው ድንጋዩን የተወው ከብዶት እንጂ ለኔ አስቦ አይደለም።

ቀኝ እግሬን በግንድ አስገቡት። ግንድ ማለት፣ ላላየው ሰው፣ ወፍራም እንጨት ተፈልፍሎ የእግር ማስገቢያ የተበጀለት ነው። እግር ከገባ በኋላ ሽብልቅ ይመታበታል። መተኛት ይቻላል፤ መገላበጥ አይቻልም። ብዙ ሰነበትኩበት። ሲያወጡኝ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። ባቴ እንደ ደረቀ ጠፍር ጠጥሮ፣ ተረከዜ መሬት አልነካም ብሎ ነበር። ለሱጁድ ስወርድ ብወድቅ ጊዜ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ።

በኛ አገር ሰው ራሱን አያሽም። እግር ሲታጠፍ፣ ወገብ ሲይዝ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻ ቢጠፋ እናት አለች፣ ሚስት አለች፣ ቅቤ በቅል ይዛ የምትመጣ ጎረቤት አለች። ገላውን ብቻውን ተቀምጦ ሲያሽ የተገኘ ሰው፣ ሰው የሌለው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ የነካኝ እጅ ቢኖር የገፋኝ እጅ ነው።

ከግድግዳው ማዶ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ጫካ ስለገባ በሱ ፈንታ የታሰሩ። ከግድግዳው ቋሚ አንዱን ከሥሩ ምስጥ በልቶት ክንድ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተከፍታ ነበር። በሷ እናወራለን። መልካቸውን ያን ጊዜ አይቼው አላውቅም ነበር። ሳላቸውን ግን ገበያ መሃል ቢስሉ እለየዋለሁ። ወሬውን የሰማሁት ከሳቸው ነው።

«ነጋዴ፣ ሰማህ?»

«ምኑን አባቴ?»

«ወደ ደብረ ሲና ሊያወጡን ነው። በእግር። በእግሩ መሄድ የማይችለውን በካሚዮን ይወስዱታል አሉ።»

«ታዲያ ይህ ለኛ ደግ አይደለም? አንቱ ጉልበት የለዎት፣ እኔ እግር የለኝም።»

ሳሉ።

«ባለፈው ሰዎች ይዞ የወጣው ካሚዮን መቼ ተመለሰ?» አሉኝ።

አሰብኩት። ካሚዮኑ ሲወጣ ጠባቂዎቹ ምሳቸውን እሳት ላይ እየጣዱ ነበር። ሲመለስ ገና አላወጡትም ነበር። ያንን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ወጥቼ ወርጄበታለሁ፤ ሰው ተጭኖ፣ ዳገቱ ተወጥቶ፣ ሰው ተራግፎ በዚያች ጊዜ አይመለስም።

«ደብረ ሲና ቀርቶ ዳገቱ ሥር የሚደርስበት ጊዜ አልነበረውም» አልኳቸው።

«እህ» አሉ። ስለ ካሚዮን ከዚያ ወዲያ አላወራንም።

ብረቱን ያገኘሁት በዚያው ቀን ነው። መዳመጫ ድንጋይ ካለ ብረቱም የትም አይርቅም ብዬ የወለሉን አቧራ በጣቴ ስጭር ከጥጉ ወጣ። ከስንዝር የሚረዝም፣ ወገቡ ወፈር ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ ድቡልቡል ብረት። ሴቶች ጥጡን ድንጋዩ ላይ አድርገው ይህንን በላዩ ሲያንከባልሉት ፍሬው ከፊት እየፈናጠረ ይወጣል። ሌላ እስረኛ ብረት እጁ ቢገባ በር መፈንቀል ያስብ ይሆናል። እኔ በቅሎ አሰብኩ።

በበቅሎ ንግድ የታወቀ ነገር ነው። የምታነክስ በቅሎ ገበያ ሳትወጣ ማለዳ ታፋዋን በድቡልቡል ዱላ እያንከባለሉ ያሹላታል፤ ከዚያ ጥቂት ያንሸራሽሯታል። ደሟ ሲሞቅ ማንከሷን ትረሳለች። ገዢ ይዞራታል፣ ያስኬዳታል፣ ይወስዳታል። ቤቱ ደርሳ ስትቀዘቅዝ ያን ጊዜ ያስታውሳታል። እኔ ይህን አድርጌ አላውቅም። ሲያደርጉ ቆሜ አይቻለሁ። ዱላውን አቀብዬ እንደሆነ ግን እንጃ።

ቀትር ላይ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ጠባቂዎቹን ጥላ ሥር ስታስተኛቸው ሱሪዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀን ጥርሴን ነክሼ በጉልበት ሄድኩበት። በማግስቱ እግሬ አብጦ አደረ። ጥጥም እንዲሁ ነው፤ በኃይል ሲጫኑት ፍሬው ይፈጫል እንጂ አይወጣም። እብጠቱ እስኪጎድል ተውኩትና እንደገና ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ቅልጥሙን ሳልነካ ሥጋውን ብቻ፣ ከታች ወደ ላይ። የጠጠረው ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ እስኪለዝብ እጠብቀዋለሁ። ቅባቴ ላቤ ነበር፤ ቆላ ላብ አይነፍግም። ሲበቃኝ ብረቱን ድንጋዩ ላይ አጋድሜ በውስጥ እግሬ ወዲያና ወዲህ አንከባልለዋለሁ።

«ነጋዴ» አሉ ሽማግሌው በቀዳዳዋ። «ሴት አስገቡልህ እንዴ?»

«የምን ሴት?»

«ጥጥ የምትዳምጥ። እኔማ ቤቴ ያለሁ መስሎኝ ውሃ አምጪ ልል ነበር።»

«እኔ ነኝ አባቴ። እግሬን ነው።»



«እግርህን ትዳምጣለህ።»

«እዳምጣለሁ።»

«ፍሬው ወጣልህ?»

«ገና ነው» አልኳቸው።

ድምፁን የሰሙት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። አንድ ቀን የበሩ ሰንሰለት ሲንኳኳ ከየጥጉ የለቃቀምኩትን ጥጥ ድንጋዩ ላይ ጣል አድርጌ ብረቱን ያዝኩ። ጠባቂው ገባ፤ ጥርሱ ገጣጣ፣ ረጅም ባንዳ ነው።

«ምን ትሠራለህ?»

«ጥጥ እዳምጣለሁ።»

አየኝ። ብረቱን አየ። ከዚያ ወደ ውጭ ዞሮ ጓደኞቹን ጠራ። «ኑ እዩ፣ ነጋዴው ሴት ሆኖላችኋል።»

መጥተው በሩ ላይ ተኮለኮሉ። በኛ ዘንድ ጥጥ መዳመጥ የሴት ሥራ ነው፤ ያንን ብረት ይዞ የተገኘ ወንድ እስከ መቃብሩ ስም ይወጣለታል።

«እሜቴ፣ ጋቢ መቼ ያደርሱልኛል?» አለ አንዱ።

«ባል አላት?» አለ ሌላው።

«ከናንተ የተሻለ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት።

ሳቁ። ብረቱን ግን የነጠቀኝ የለም፤ ብረቱ ከተወሰደ ጨዋታው ይቀርባቸዋላ። ረጅሙ ባንዳ እንዲያውም በማግስቱ ያልተዳመጠ ጥጥ ታቅፎ አምጥቶ ጣለልኝ። እፍረት ሰጥቼ ብረት ገዛሁ። እንደዚያ የረከሰ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። ብቻ ሲሄዱ ክፍሉ ከበፊቱ የበለጠ ጭር ይላል። እነሱም ቢሆኑ ሰው ናቸው፣ አናግረውኛል።

ቀኖቹ እንደዚያ ሄዱ። እግሬ እየተፍታታ መጣ፤ ተረከዜ ወለሉን መንካት ጀመረ። አንዳንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ የሚያሸኝ የእናቴ እጅ ነው ለማለት ሞክሬያለሁ። አልሆነም። የሰው እጅ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ አይታወቅም፤ የራስ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ገላ ቀድሞ ያውቀዋል። ከታሸሁ በኋላም ቢሆን እግሬ የሚቀዘቅዘው ቶሎ ነው። በቅሎዋን የምመስለው በዚያም ነበር።

ወደ ደብረ ሲና የምንወጣበት ቀን ደረሰ። በማለዳ ረጅሙ ባንዳ በየክፍሉ እየዞረ፣ ካፒቴኑ ግቢ ውስጥ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል፣ አንድ በአንድ እየወጣችሁ እፊቱ እስከ ግራሩ ዛፍ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ አለን። የካሚዮኑ ሞተር ሲንተከተክ ይሰማል።

ተቀምጬ ባቴን ዳመጥኩ። እንደዚያ ቀን ጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ሲሞቅልኝ ቆምኩ፤ ተረከዜ ወለሉ ላይ ዐረፈ። እስክጠራ ድረስ እያንከባለልኩ መቆየት ነበረብኝ፣ ካቋረጥኩ ባቴ ተመልሶ ይቀዘቅዛል።

ከግድግዳው ማዶ ሽማግሌው ሊነሡ ሲታገሉ ሰማኋቸው። ግድግዳውን ይዘው ይነሣሉ፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፣ ይቀመጣሉ። እንደገና። ብረቱን አልጠየቁኝም። ብረት እንዳለኝ ያውቃሉ።

በቀዳዳዋ አሾለክሁላቸው።

«ይያዙ አባቴ።»

«ምንድን ነው?»

«መዳመጫው ነው።»

«ጥርሴ ካለቀ በኋላ ጥጥ ልዳምጥ?»

«ከጉልበትዎ በላይ ጭንዎን። አጥንቱን አይንኩት። ቀስ ብለው።»

«አንተስ?»

«እኔ ጨርሻለሁ።»

ብረቱ ሲንከባለልና እሳቸው በአፍንጫቸው ሲተነፍሱ እየሰማሁ ቆምኩ። ውጭ ሌሎች ይጠራሉ። ባቴን በእጄ ያዝኩት፤ ከውስጥ እንደ ገመድ መከረር ጀምሯል። ቁርጭምጭሚቴን እያዞርኩ ቆየሁ። ከዚያ የኔ በር ተከፈተ።

የምታነክስ በቅሎ የምትታወቀው በእግሯ አይደለም፤ እግሯን ስታሳርፍ አንገቷን ትደፋለች። ጎበዝ ገዢ የሚያየው አንገቷን ነው። ቀና አልኩ። ግራሩ ላይ አንዲት እርግብ ተቀምጣለች፣ እሷን እያየሁ ሄድኩ።

«እሜቴ፣ ካሚዮኑ ይሻልዎት ነበር» አለኝ ረጅሙ ባንዳ ሳልፈው።

«ካሚዮን ያጥወለውለኛል» አልኩት።

ግራሩን ዞሬ ስመለስ ባቴ ውስጥ የሆነ ነገር እየተቀደደ ነበር። አንገቴን አልደፋሁም። ካፒቴኑ እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ በጣቱ ወደ እግረኞቹ ጠቆመ። ገዛ።

ቀጥሎ አንድ አጭር፣ ጠጉራቸው የነጣ ሰውዬ ወጡ። አላውቃቸውም። ግቢው መሃል ሲደርሱ ሳሉ። ያን ጊዜ ነው የሳቸውን መልክ ያየሁት። እርሻቸውን እንደሚዞር ሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሳይቸኩሉ ግራሩ ደርሰው ተመለሱ። ካፒቴኑን አላዩትም። እሳቸውም ወደኛ ተጠቆሙ። ሦስት ሰው ካሚዮኑ ላይ ወጣ።

ዳገቱን ስንወጣ መነጋገር ክልክል ነበር። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ተረከዛቸውን እያየሁ ወጣሁ። ደብረ ሲና ላይ ለያዩን። ከዚያ በኋላ ሳላቸውን የትም አልሰማሁም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቀወት ወርጄ ጠይቄ ነበር፤ ስማቸውን ስለማላውቅ ስለየትኛው ሽማግሌ እንደምጠይቅ ማስረዳት አቃተኝ።

አሁን ቤት አለኝ፣ ሚስት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ። አንጥረኛ ያበጀልኝ ብረትም አለኝ። መንገድ የዋልኩ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ እግሬን ለብ ባለ ውሃ አፍታትቼ ጓዳ ገብቼ ባቴን እዳምጣለሁ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ ብዬ። ካበጠ አልነካውም። ለጉልበታቸው ለሚቸገሩ ለገበያ ጓደኞቼም አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ በኋላ ብረቱን የት እንዳሠራሁ ይጠይቁኛል።

ሚስቴ በተጋባን ሰሞን ቅቤ አቅልጣ ይዛ ትመጣ ነበር። እጇ ሲያርፍበት እግሬ ይሸሻል፤ እኔ ሳላዝዘው።

«እጄ ምን አደረገህ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«እጅሽ ምንም አላደረገኝም» አልኳት። እውነቴን ነው። ቅር ብሏት ተወችው። አሁን ቅቤውን ደፍ ላይ አስቀምጣ በሩን መልሳልኝ ትሄዳለች።

ሒሳቡ ሲዘጋ፦ እግሩ ይሄዳል፤ ሰው አያስነካም።