በከንፈሬ የነገርኳት ዙር

በሕዝብ ጩኸት መሃል፣ ድምፅ ሳይወጣው በከንፈር ብቻ የተባለን ቃል ሜዳ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ሊሰማው ይችላል? ይህን ራሴን ስጠይቅ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ነገሩ የሆነው ክልላችን አዲስ በተቋቋመ ሰሞን፣ አሶሳ ውስጥ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ስል ትንሽ ልጅ ነበርኩ ማለቴ አይደለም። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጅ ማዘል ሲጀምሩ ነው። ክፍል ውስጥ «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ወሬ አላበዛም፤ ያገኘሁትን አነባለሁ፤ አንድ ነገር ከተናገርኩ ደግሞ ጎደሎ እንዲሆን አልወድም።

ሐዋ ከፊቴ ባለው ዴስክ ላይ ነበር የምትቀመጠው። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ አገሯ ሸርቆሌ። አማርኛን ትምህርት ቤት ስለለመደችው ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የምትለው። ሩጫ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። በዚያ ዓመት ክልሉን ወክለው አዲስ አበባ የሚወዳደሩ ተማሪዎች ይመረጡ ነበር። አሶሳ የሚያኖራት ታላቅ ወንድሟ ቁርጡን ነግሯታል። ከተመረጠች ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ ካልተመረጠች ክረምቱ ሳይገባ ሸርቆሌ ተመልሳ ታገባለች።

የስፖርት መምህራችን ከመሃል አገር የተመደበ ወጣት ነበር። «ሩጫ መጀመሪያ የሚሮጠው ጭንቅላት ውስጥ ነው» ይላል። ከልምምድ በኋላ ሯጮቹን ሜዳችን ዳር ካለው ማንጎ ሥር በጀርባቸው አስተኝቶ፣ ዓይናቸውን አስጨፍኖ፣ ውድድሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው መስመር ክር በሐሳባቸው እንዲሮጡት ያዛቸዋል። እነሱ ግን ወይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ወይ ይሳሳቃሉ። እኔ መሮጥ ስለማልችል ጥላው ሥር ሆኜ ልብሳቸውን እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ጠራኝ።

«አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ። ሩጫውን ንገሪያቸው እስቲ» አለኝ።

ያላየሁትን አልናገርም ብዬ በመጀመሪያ ሜዳውን በእግሬ ዞርኩት። ሣሩ የት እንደሚያልቅ፣ ቀዩ አፈር የት እንደሚጀምር፣ የምስጡ ኩይሳ ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የማንጎው ጥላ የት ላይ እንደሚያርፍ አየሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ በሚሮጥ ሰው ትንፋሽ ልክ መናገር ጀመርኩ።

«ኩይሳውን አለፍሽ። ፀሐይዋ ፊትሽ ላይ ናት። ክንድሽን አታክርሪው። ጥላው ውስጥ ገባሽ፣ ትከሻሽ ቀዘቀዘ። ወደ ግራ ታጠፊ። ክሩ ታየሽ።»

«እትዬ ሬዲዮ ተከፈተች» ይላል አንዱ ዝላይ የሚወዳደር። «ዜናው ሲያልቅ ቀስቅሱኝ።»

ሐዋ አትስቅም። በተኛችበት የእግሯ ጣት ሲንቀሳቀስ አያለሁ። «አንተ ሲነግር እኔ እግር አይደክምም» አለችኝ አንድ ቀን። ቆይቶ፣ በእውነት እየሮጠችም ሳለ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ትንፋሿ ሲያጥር ዓይኗን ትጨፍን ጀመር። መምህሩ አይቶ ደስ አለው። «ውስጣችሁ ያለውን ሜዳ ብቻ እዩ ስላችሁ የገባት እሷ ናት» አለ። ሜዳችንን እንደ ደጃፏ ስለምታውቀው ምንም አልሆነችም።

ምርጫው ግን በእኛ ሜዳ አልተደረገም። ትልቁ የኳስ ሜዳ ዙሪያውን በኖራ ተሰምሮ ተዘጋጀ። አስቀድመን ሄደን እንየው ብዬ መምህሩን ጠይቄው ነበር።

«ሜዳ ሜዳ ነው እትዬ» አለኝ። እሱም አንዳንዴ እትዬ ይለኛል።

በዕለቱ ስደርስ ቀጥ ያለው የመሮጫ መንገድ ከእኛ ሜዳው እንደሚረዝም አየሁ። ማንጎ የለም። ለሐዋ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ሯጮቹ ተሰልፈው ስለነበር አላስጠጉኝም።

የመጨረሻው ዙር ላይ ሐዋ መምራት ጀመረች። እኔ ከማጠፊያው አጠገብ፣ ከጎሉ ኋላ፣ ሕዝቡ መሃል ቆሜያለሁ። እልልታውና ፉጨቱ ጆሮ ያደነቁራል። ማየት አቃተኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስጨፍን ከንፈሬ ከልማድ የተነሣ መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ አላወጣሁም። የምነግራት የማውቀውን ሜዳ ነው። ኩይሳውን አለፍሽ። ጥላው ውስጥ ገባሽ፣ ትከሻሽ ቀዘቀዘ። ወደ ግራ ታጠፊ።

«ታጠፊ» ስል ብረት ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ሕዝቡ ጸጥ አለ።

ዓይኔን ስገልጥ ሐዋ ኖራውን አቋርጣ ገብታ፣ ከጎሉ ብረት ሥር ወድቃለች። ቅርብ የነበሩ ሰዎች ዓይኗ ተጨፍኖ ነበር አሉ። ማጠፊያው ጋ ሳትደርስ ድንገት ወደ ግራ ዞረች አሉ። አንዱ ራሷን ስታ ነው አለ። አንዲት ሴትዮ ዓይን በልቷት ነው አለች። መምህሩ ራሱን ይዞ «ምን ነካት?» ይላል። ማንም እኔን አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ጉልበቷ ነበር የተሰበረው። ከእሷ ቀጥላ የነበረችው ልጅ ተመረጠች። ሐዋን ወንድሟ ክረምቱ ሳይገባ ሸርቆሌ ወሰዳት። ሚኒባሱ ድረስ ጓዟን ተሸክሜ ሸኘኋት።

ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩ። ነገሩን ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ። ያንን ዙር ሁለታችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ አንድ ነገር በአንድ ፍጥነት የሚሉ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ላይ አብረው ይደርሳሉ። አእምሮዬ ይህን ይቀበላል። ሆኖም ተማሪዎቼ ፈተና ሲሠሩ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ጥርሴን የሚያመኝ ይመስላቸዋል።

ባለፈው በጋ ለሥራ ሸርቆሌ ሄድኩ። ሐዋ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ በበርታና በዓረብኛ ለታካሚዎች ታስተረጉማለች። እያነከሰች ወጣችና አቀፈችኝ።

«አንተ አረጀህ» አለችኝ። አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም፤ «አንተ»ን ግን አልተወችም።

ከክሊኒኩ ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ዓይኔን መጨፈኔን፣ ከንፈሬን፣ «ታጠፊ» ያልኩበትን ቅጽበት፣ አንድ ሳላስቀር። በመጨረሻም «ሰምተሽኝ ነበር?» አልኳት።



«እኔ ከወደቅኩ በኋላ ቀጠልክ ወይስ አቆምክ?» አለችኝ።

«አቆምኩ።»

«እኔም እዚያው ቀረሁ።» ጉልበቷን ዳሰሰች። «እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ጥላው ድረስ እሄዳለሁ። ክሩ ግን አይመጣም።»

የታመመ እግሯን አግዳሚው ላይ ዘረጋችና ዓይኗን ጨፈነች። «በል፣ ጨርሰው።»

ከውስጥ ነርሷ «ሐዋ፣ ሰው ይጠብቅሻል» ብላ ተጣራች።

«መጣሁ፣ እየሮጥኩ ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

እንደምንም ድምፄን አወጣሁ።

«ጥላው ውስጥ ነሽ» አልኳት። «ወደ ግራ ታጠፊ።»