ግማሹ የመንግሥት፣ ግማሹ የነጋዴ፦ ከሲሚንቶ ጋር ወደ ደባርቅ

ማክሰኞ ንጋት፣ ጎንደር

ጎንደር ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ ሲሚንቶ በጫነ ኤን ትሬ መኪና ጋቢና ውስጥ ሆኜ ወደ ደባርቅ ተነሳሁ። የላከኝ የምጽፍለት ጋዜጣ ነው። ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ገና ጥቂት ወራት ናቸው። አዘጋጄ ጠራኝና «ደባርቅ ላይ መንግሥትና ነጋዴ ተጋግዘው የከተማውን ቆሻሻ ውኃ ሊያጣሩ ነው፤ ሄደህ ደስ የሚል ነገር ጻፍ» አለኝ። ደስ የሚል ነገር ጻፍ ሲሉኝ ደስ አይለኝም። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ትናንት «በዝባዥ» ሲባል የኖረ ነጋዴ ዛሬ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ሸሪክ ሆነ ሲሉኝ እንዴት አልጠረጥር?

ሾፌሩ ታከለ ይባላል፤ መንገዱን በቃሉ የሚያውቅ፣ ጨዋታ ወዳድ ጎልማሳ ነው።

«ሲሚንቶው የማን ነው?» አልኩት።

«ግማሹ የመንግሥት፣ ግማሹ የአቶ ደምሌ።»

«የቱ ነው የመንግሥቱ?»

«እሱንማ ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም» አለና ማርሽ ቀየረ።

ኮሶዬ

ዳገቱን ስንጨርስ ራዲያተሩ ውኃ ጠማው። ታከለ ጀሪካኑን ይዞ ሲወርድ እኔም እግሬን ላፍታታ ወረድኩ። ገደሉ ከእግሬ ሥር ይጀምራል፤ ቆላው በጭጋግ ውስጥ ተኝቷል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ትንሽ እንደሄድን ኬላ አስቆመን። አንድ ሚሊሺያ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ከረጢቶቹን በብረት ወጋ ወጋ አደረገ፤ ሌላው የይለፍ ወረቀቴን ተቀብሎ ፎቶዬንና ፊቴን ያስተያይ ጀመር።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ስለ ፍሳሽ ልጽፍ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ቄራና ስለ ሽንት ቤት ውኃ።»

ጓደኛውን ጠርቶ «ና እስኪ ይኼን ሰው ስማው» አለው። ደግሜ ነገርኳቸው። የሚዋሽ ሰው ከዚህ የተሻለ ውሸት አያጣም ብለው መሰለኝ፣ ለቀቁን።

ዳባት፣ ምሳ

በዓለ ሃምሳ ነው፤ እንኳን ማክሰኞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። የበግ ጥብስ በብረት ድስት ቀረበልን፤ ቃሪያው እንባ ያስመጣል። የምግብ ቤቱ ባለቤት እታፈራሁ ወዴት እንደምንሄድ ስትሰማ እጇን በወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ደምሌ? አጣና ነጋዴው? እሱ እንኳን ገንዘቡን ሰላምታውንስ በነጻ ይሰጣል?»

«እንግዲያ ለምን ገባበት?»

«እሱን አጣራ! ውኃውን እነሱ ያጣሩ፣ አንተ ሰውዬውን አጣራ።»

ታከለ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የልቤን ነበር የተናገረችው። ከዳባት እስከ ደባርቅ ድረስ የገብስ ማሳው በሁለቱም በኩል ሲያልፍ፣ በሐሳቤ አቶ ደምሌን ከስሼ፣ መስክሬበት፣ ፈርጄበት ጨርሼ ነበር።

ደባርቅ፣ ከሰዓት በኋላ

ከቡይት ራስ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮ ያንኳኳል። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሰይፉ ካኪ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ ተቀበለኝ። አጠገቡ አቶ ደምሌ ቆሟል፤ አጭር ሰው ነው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያሽከረክራል። ይህ እጅ ምን ሰርቆ ይሆን አልኩ በሆዴ።

ከቄራው በታች ሁለት ትልልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው በድንጋይ ተገንብተዋል። የቄራው ደምና ፈርስ፣ የሆቴሎቹ እጣቢ፣ የሽንት ቤቶቹ ፍሳሽ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ይገባል። ዝቃጩ ሲዘቅጥ ውኃው ወደ ታችኛው ያልፋል። ከዚያ በአንድ ረጅም ቦይ፣ በሣር መሀል እየተንፏቀቀና እየጠለለ ወደ ወንዙ ይደርሳል። ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱንና የሲሚንቶውን ግማሽ፣ አቶ ደምሌ ጉልበቱንና የቀረውን ግማሽ ያወጣሉ። የቀረው ቦዩ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያልፈው በአንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ በአያ በላይ ማሳ ነው።

«እርስዎ ምን ያገኛሉ?» አልኩት አቶ ደምሌን ፊት ለፊት።

«ዝቃጩን። ለባሕር ዛፌ ፍግ ይሆነኛል። ለጽድቅ አይደለም፣ ጌታው።»

እንዲህ በግልጽ መናገሩ ራሱ ጥርጣሬዬን ጨመረው። ጉድጓዱን ስዞር ከላይኛው ግርጌ አንዲት የብረት በር አየሁ፤ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎባታል። ከበሯ ሥር ሌላ አጭር ቦይ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

«ይቺስ?»

አቶ ደምሌ መሬት መሬት አየ። ጓድ ሰይፉ መለሰ፦ «ለአደጋ ጊዜ ናት። ክረምት ጉድጓዱ ከሞላ...»

ነጋዴው አንገቱን ሲደፋ አየሁና፣ ሌባው ተያዘ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት

ከጉድጓዱ በታች፣ በወንዙ ዳር ያሉት ገበሬዎች ጉድጓዱ አጠገብ ተሰበሰቡ። ጓድ ሰይፉ በሌላ ዘመን ቢሆን ቦዩን በትእዛዝ ያስቆፍረው ነበር። አሁን ጦርነቱ ቀርቧል፤ ገበሬ የሚያስቀይሙበት ወቅት አይደለም።

አያ በላይ በዘንጋቸው ተደግፈው ከፊት ተቀመጡ። ባለፈው ክረምት ይኼው ቆሻሻ ውኃ ወንዙ ውስጥ በመግባቱ የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን በተቅማጥ ቀብረዋል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሲነግሩኝም ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉ። ክረምቱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሌሎች ልጆች አሉ። የሚጠጡት ከዚያው ወንዝ ነው።

ጓድ ሰይፉ ውኃው ሳይጣራ ወንዝ አይገባም የሚለውን የሸሪኮቹን ውል አነበበ። ሲጨርስ አያ በላይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወረቀቱን ሰማን፣ እግዜር ይስጥልን። ወረቀት ጥሩ ነው፤ ግና ሰውን ማመን ቀብሮ ነው። ቄስ አስረስ እዚሁ አሉ። ግዝት ይደረግልን።»

ቄስ አስረስ መስቀላቸውን አውጥተው ተነሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸው ግን ከጉድጓዱ ማዶ ይሰማል።

«ይህን ውኃ ሳይጠልል ወደ ወንዛችን የለቀቀ፣ ያስለቀቀ፣ ሲለቀቅም አይቶ የደበቀ፣ በአርባ አራቱ ታቦት የተገዘተ ይሁን!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። እኔም ከሰው ጋር አሜን አልኩ።

«ሸሪኮቹስ?» አሉ አያ በላይ።

ነጋዴው እንዴት እንደሚያመልጥ ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። አቶ ደምሌ ባርኔጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀረበ፣ መስቀሉን ተሳለመ፣ «አሜን» አለ።

ሁሉም ወደ ጓድ ሰይፉ ዞረ።

«እኔ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም የተማርኩ ሰው ነኝ። በግዝት አላምንም።»

«ካላመኑበትማ ምን ይነካዎታል፣ ጓድ?» አሉ አያ በላይ ረጋ ብለው። «ነፋስ ነው። አሜን ይበሉልንና እኛ እንረፍ።»

ጓድ ሰይፉ ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀበት። የካኪውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ቄሱ ጠጋ አለ።

«አባ፣ ‹ያስለቀቀ› የምትለዋን ብቻ ቢተዋትስ?»

በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት ነበር። ነፋሱ ግን ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው።

አያ በላይ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሱና በዘንጉ ጫፍ የብረቷን በር አሳዩ።

«ያቺ ቀዳዳ ሳትደፈን ቦዩ በማሳዬ አያልፍም።»

«የመንግሥት ንብረት ናት!» አለ ጓድ ሰይፉ። «ማንም አይነካትም!»

አቶ ደምሌ ባርኔጣውን ከመሬት አነሳ፣ አቧራውን አራገፈ።

«ሲሚንቶው ግማሹ የእኔ ነው» አለ። «በእኔ ግማሽ ድፈኑት።»

ጎልማሶቹ እስኪደግምላቸው አልጠበቁም። ከረጢት ተቀደደ፣ አሸዋ መጣ፣ ድንጋይ መጣ። ጓድ ሰይፉ የጓጉንቸሩን መክፈቻ በኪሱ እንደያዘ ወደ ከተማ ወጣ፤ ሲወጣ ዞር ብሎ አላየንም። እኔ አፍሬ ቆሜ ነበር። ወደ አቶ ደምሌ ተጠጋሁ።

«ትናንት ስለ በሯ ስጠይቅ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈርቼ ነዋ» አለ። «በዚያች ቀዳዳ የሚሄደው የኔው ፍግ ነው፤ ጓድ ሰይፉ ለጉድጓድ ጠራጊ ገንዘብ ላለማውጣት በሌሊት ሊከፍታት እንደነበር አውቃለሁ። ግን ትናንት አሜን አላልኩም ነበር።»

ሐሙስ፣ መልስ

ባዶው መኪና ይንገጫገጫል። ለታከለ ሁሉንም አወራሁለት። ኮሶዬ እስክንደርስ ድረስ «በእኔ ግማሽ!» እያለ መሪውን ይመታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አዘጋጅህ ደስ የሚል ነገር ነው ያለህ አይደል?»

«አዎ።»

«ይህን ያወጣዋል?»

«አይመስለኝም።»

«አንተስ አሜን ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«‹አይቶ የደበቀ› ካሉ በኋላ?»

«ካሉ በኋላ።»

ታከለ ፍሬን ያዘና መንገዱ ዳር አቆመ። ጎንደር ከታች ትታያለች። ጋቢናው ውስጥ ከወደቀ የሲሚንቶ ከረጢት ሰፋ ያለ ወረቀት ቀደደና አቀበለኝ።

«ሳንገባ ጀምረው» አለኝ። «ከተማ ከገባህ ትፈራለህ።»